ቀዩ ዲቃላ

«ዲቃላው ዛሬ እጄ ይገባል» የሚለውን ቃል ሲስተር የሰሙት ቅዳሜ ጠዋት፣ መሮጫ ማሽኑ ላይ ካልሲ እያሰጡ ሳሉ ነው። ማሽኑ እቤት ሲገባ የልጃቸው ባል በየማለዳው ሊሮጥበት ምሎ ተገዝቶ ነበር፤ ሮጦበታልም፣ አንድ ሰሞን። ከዚያ በመጀመሪያ ፎጣ፣ ቀጥሎ ሸሚዝ፣ በመጨረሻም አንሶላ እየተሰጣበት ደንበኛ የልብስ ማስጫ ሆነና አረፈው። መታጠቢያ ቤቱን ከመተላለፊያው የሚለየው ስስ ጣውላ ነው፤ ውስጥ ያለ ሰው ሲያስነጥስ ውጭ ያለው «ይማርህ» ይላል። አማችየው ግን ቧንቧውን ከፍቶ ስላወራ ብቻ ምስጢሩ የተቆለፈበት መስሎታል።

«ኧረ በፍጹም ለሌላ ሰው እንዳትሰጠው!» ይላል በስልኩ። «የኔ ነው ብዬሃለሁ እኮ፣ የኔ ነው። ቀዩ ነው አይደል? … እሺ። ክብደቱስ? … አሥራ ሁለት ኪሎ! በቃ፣ ታቅፌው ደረጃ መውጣት አያቅተኝም። … አይ፣ ለባለቤቴ አልነገርኳትም። መጀመሪያ እኔና እሱ እንላመድ። … እናቷ? እሳቸውማ አብረውን ነው የሚኖሩት፤ እሳቸው ካዩት አለቀልኝ!»

ሲስተር እርጥብ ካልሲ እንደያዙ ደርቀው ቀሩ። ሲስተር የሚላቸው የሠፈሩ ሰው ሁሉ ነው፤ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ አዋላጅ ነርስ ነበሩ። የሕንፃውን ነዋሪ ገሚሱን ተቀብለው እትብቱን የቆረጡት እሳቸው ስለሆኑ፣ ጢም ያበቀሉ ጎረምሶች ሳይቀሩ ደረጃ ላይ ሲያገኟቸው ሲጋራቸውን ወደ ኋላ ይደብቃሉ። ሕፃን አይቶ ኪሎውን መገመት፣ ኪሎ ሰምቶ ዕድሜ መናገር ለሳቸው እንደ መተንፈስ ነው። አሥራ ሁለት ኪሎ የሚለውን ሲሰሙም ጭንቅላታቸው ሳያዙት ሥራውን ጀመረ። ሁለት ዓመት ግድም። ደህና ይበላል። ከመራመድ አልፎ ይሮጣል። ጥርሱ ሊሞላ ምንም አልቀረው። «አባባ» ይላል። እዚህ ላይ ሲደርሱ ማሽኑ ጫፍ ላይ፣ ከሁለት እርጥብ ሸሚዞች መሀል ቁጭ አሉ።

ነገሩን የሚያከፋው፣ ልጃቸው ካገባች ይሄን ያህል ጊዜ ሆኗት አልወለደችም። ይህ ጉዳይ በቤቱ አይነሳም። ቴሌቪዥን ላይ የዳይፐር ማስታወቂያ በመጣ ቁጥር ከሦስቱ አንዳቸው ውሃ ሊጠጡ ይነሳሉ፤ በዚህ የተነሳ የዚያ ቤት ሰው ኩላሊቱ ንጹሕ ነው። ሲስተር ሰውን ሁሉ ሲያዋልዱ ኖረው፣ የገዛ ልጃቸውን «ምነው የኔ ልጅ?» ማለት አቅቷቸዋል። ከአማችየው ጋርማ ከነጭራሹ «እንደምን አደሩ» እና «ምሳ ቀርቧል» ከመባባል አልፈው አያውቁም። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ዝምተኛ፣ ወፍራም፣ ጨዋ ሰው ነው። ዋናው መንገድ ላይ ጠባብ መነጽር ቤት አለው፤ ቀኑን ሙሉ ጨለማ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ሰው ዓይን ላይ መስታወት እየለዋወጠ «ይሄ ይሻላል ወይስ ይሄ?» ሲል ይውላል። እቤት ሲገባ ግን ሚስቱ ካልመረጠችለት በቀር ሁለት ሸሚዝ አንጠልጥሎ መስታወት ፊት ቆሞ የሚቀር ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው ሌላ ሴት መምረጥ መቻሉ ራሱ፣ በዚያ ሁሉ ንዴት መሀል ሲስተርን አስገረማቸው።

ለልጃቸው ሊደውሉ ስልክ አነሱ። ልጃቸው መድኃኒት ቤት ተረኛ ናት፤ አመሻሹ ላይ ነው የምትመጣው። ደውለውስ ምን ሊሏት ነው? ስልኩን መልሰው አስቀመጡት። ወዲያው የውጭው በር በቀስታ ሲዘጋ ሰሙ፤ ሰውየው በዚያ ክብደቱ በእግሩ ጣቶች ነበር የወጣው። ሲስተርም ሻርፓቸውን አንገታቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ቦርሳቸውን ከበሩ ጀርባ መንጭቀው ተከተሉት።

እሱን መከተል እንዲህ ከባድ ይሆናል ብለው አላሰቡም። ያስቸገራቸው እንዳይጠፋቸው ሳይሆን እንዳይደርሱበት መጠንቀቁ ነበር። ዕድሜያቸውን በሆስፒታል ኮሪደር ሲሮጡ የኖሩ ሴትዮ ናቸው፤ እግራቸው ቀርፋፋ ነገር አያውቅም። እሱ ደግሞ በየማዕዘኑ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ይተነፍሳል። በቆመ ቁጥር እሳቸውም ቆመው የማይገዙትን ዕቃ በየመስኮቱ ያያሉ፤ በዚህ ዓይነት የበር እጀታ፣ የቀለም ባልዲ፣ የሙሽራ ልብስ የለበሰች ጭንቅላት የሌላት አሻንጉሊት አንድ በአንድ ጎበኙ። በልባቸው የሚሉትን እያሰናዱ ነው። «አንተ ዓይንህን በጨው ታጥበህ …» ብለው ይጀምሩና «ታጥበህ» ከሚለው በኋላ ሐሳባቸው ወደ ሕፃኑ ይንሸራተትባቸዋል። ማን ያጥበዋል? ክትባቱን ጨርሷል? እናቱ ምን ሆና ነው ለሌላ ሰው ሊሰጥ የሚታሰበው? ዛሬ ሲወስደው ቁርሱን በልቷል?

አማችየው አደባባዩ ዳር ካለ አግዳሚ ወንበር ላይ አረፍ ሲል፣ ሲስተር ከመንገዱ ማዶ ሱቅ ገብተው አንድ እሽግ ብስኩትና አንድ ካርቶን ወተት ያዙ። ብስኩቱ ካለፈው ሳምንት ዋጋው ጨምሯል። «ምነው፣ ዱቄቱን ከውጭ በአውሮፕላን ነው እንዴ የምታስመጣው?» ብለው ከባለሱቁ ጋር መከራከር ሲጀምሩ ነው የሚያደርጉት ነገር የገባቸው። የተናደደ ሰው ብስኩት አይገዛም። ባልየውን ሊያዋርዱ ወጥተው ለዲቃላው ስንቅ ሲያዘጋጁ ራሳቸውን ያዙት። ይበልጥ ተናደዱ። ብስኩቱን ግን አልመለሱትም። በወተቱ ካርቶን ላይ ድዱ የሚታይ ሕፃን ይስቅባቸዋል፤ ገልብጠው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።

አማችየው ተነስቶ ከፖስታ ቤቱ ጀርባ ወዳለ ጠባብ መተላለፊያ ታጠፈና ገርበብ ባለ የብረት በር ገባ። ሲስተር በሩ ላይ ተለጥፈው ጆሯቸውን ጣል አደረጉ።

«መጣህ?» አለ ከውስጥ አንድ ጎርናና ድምፅ። «ዛሬስ ትወስደዋለህ ወይስ እንደ ልማድህ ደባብሰኸው ልትሄድ ነው?»

«እወስደዋለሁ። ግን እስቲ መጀመሪያ አንዴ ደግሜ ልየው» አለ አማችየው።

ከዚህ በላይ መታገስ አልቻሉም። የሰው ልጅ እንደ ሸቀጥ! በሩን በትከሻቸው ገፍተው ገቡ።

«ልጁ የታለ?»

ከብርሃን ወደ ጨለማ ስለገቡ ለጊዜው ምንም አላዩም። የጎማና የግራሶ ሽታ አፍንጫቸውን መታው። አማችየው ግድግዳው ላይ ተጣብቆ ቀረ። ጎርናናው ሰውዬ፣ እስከ ክርኑ ዘይት የነካው ሰፊ ሰው፣ ግራ ገብቶት አያቸው። «የቱ ልጅ፣ እናቴ?»

«አሥራ ሁለት ኪሎው!» አሉ ሲስተር።

«እሱን ነው እንዴ?» አለ ሰውዬው ፊቱ እየበራ። ጎንበስ ብሎ አንድ ቀይ ሳይክል በአንድ እጁ ብድግ አደረገና ፊታቸው አቆመላቸው። «ይኸውልዎ። ዲቃላ ነው እኛ የምንለው። አባቱ የውድድር፣ እናቱ የተራራ ሳይክል ናት። ከአባቱ ፍጥነት፣ ከእናቱ ጉልበት። ይሄ ሰውዬ ስንት ቅዳሜ ሲመላለስበት ነው የኖረው።»

ሲስተር ሳይክሉን አዩት። ቀና ብለው ከጣሪያው የተንጠለጠሉትን ሌሎች ሳይክሎች፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ጎማዎች አዩ። ከዚያ አማቻቸውን አዩት። የእሱ ፊት ቀስ እያለ ነው የተለወጠው፤ ነገሩ እንደ ሩቅ ጽሑፍ አንድ አንድ ፊደል እየጠራ ሲመጣለት ያስታውቅ ነበር። ጠዋት፣ መታጠቢያ ቤት፣ ቀዩ፣ ታቅፌው። «ሲስተር …» አለ፣ «እርስዎ … እኔን? እኔን?» ራሱን ከላይ እስከ ታች ተመለከተ፤ ሆዱን፣ ጫማውን። እንዲህ ተብሎ መጠርጠሩ አስደንግጦታል፤ ጥቂትም ያኮራው ይመስላል። ሲስተር የተደረደሩ ጎማዎች ላይ ቁጭ ሲሉ ቦርሳቸው ጋደል አለና ወተቱና ብስኩቱ ወለሉ ላይ ተንከባለሉ። እሱ ጎንበስ ብሎ አነሳቸው። ካርቶኑ ላይ ያለውን ሕፃን ረዘም ላለ ጊዜ አየው።

«ለእሱ ነበር?» አለ።

«ቁርሱን ይብላ አይብላ በምን አውቃለሁ» አሉ ሲስተር፣ ወደ ሌላ ወገን እያዩ።

ሳይክል ሻጩ ምንም ስላልገባው ፔዳሉን በእጁ ያሽከረክር ጀመር። ትዕግሥቱን ጨርሷል። ይህ ደንበኛ በየቅዳሜው እየመጣ፣ ከቀዩ ወርዶ የውድድሩ ላይ፣ ከውድድሩ ወርዶ የተራራው ላይ እየወጣ፣ በመጨረሻ «እስቲ ቤት ሄጄ ላስብበት» ብሎ ላቡን እየጠረገ የሚሄድ ሰው ነው። ዛሬም ይኸው ገና ሳይጀመር የመሪውን ስፋት እየለካ ነው። «የውድድሩ ግን ፈጣን ነው» ይላል። «የተራራው ደግሞ ጉድጓድ አይፈራም። ቀዩ ጥሩ ነው፤ ግን ከፊቱ ስፕሪንግ ያለው ሌላ ዲቃላ አለ ብለኸኝ ነበር። ስፕሪንግ ያለው ይሻላል ወይስ የሌለው?»

ሲስተር ከጎማዎቹ ላይ ተነሱ። ሌላ ነገር ቢያቅታቸው፣ በጭንቅ ያለን ሰው መምራት ያውቁበታል። «ለምንድን ነው የምትፈልገው?» አሉት።

«ለጤና። ጠዋት ጠዋት ልነዳው። ከቤት እስከ ሱቅ፣ ከዚያ በወንዙ ዳር ዞሮ መመለስ።»

«መንገዱ ምን ዓይነት ነው?»

«ግማሹ አስፋልት፣ ግማሹ ጠጠር።»

«ታዲያ ግማሽ በግማሽ የሆነውን ሰውዬው ይዞልህ ቆሟል፤ ምን ያወዛግብሃል? በል ውጣ፣ ሦስቱንም ንዳቸው፣ እኔ ልይህ።»

መተላለፊያው ላይ ነዳቸው። የውድድሩ ላይ ሲወጣ እንደ ሰንጢ ታጠፈ፤ ጉልበቱ በዞረ ቁጥር ሆዱን ይጎስመዋል፣ ተመልሶ ሲወርድ ሻጩ ደግፎ አቃናው። የተራራው ሰፊ ጎማ አስፋልቱ ላይ እንደ ወፍጮ አጓራ፤ ፖስታ ቤቱ ጥግ ሳይደርስ ልብሱ በላብ ረጠበ። ቀዩ ላይ ግን ቀጥ ብሎ፣ ጋዜጣ እንደሚያነብ ሰው ተዝናንቶ ተቀመጠ፤ ጥጉ ጋ ደርሶ ዞረ፤ ሲመለስ የሚተነፍሰው በአፍንጫው ነበር። ሲስተር ይህን አዩ። እሱ ግን ወርዶ እንደገና የውድድሩን መቀመጫ መንካት ጀመረ። ሲስተር መዳፋቸውን በመቀመጫው ላይ አኖሩ፤ ጠበብ ያለ፣ ጠንካራ፣ ጫፉ የሾለ ነገር ነው።

«ይሄ መቀመጫ ነው ወይስ ምላጭ?» ብለው ጮኹ። የማዋለጃ ክፍል ሹክሹክታ አላስተማራቸውም። «እኔ ከዚህ ሰውዬ ገና የምጠብቀው ነገር አለ!»

ሻጩ ዓይኑን ወደ ጣሪያው ሰቀለ። አማችየው ከሳይክሉ ጋር አንድ ቀለም ሆነ። ሲስተርም ያሉትን የሰሙት ካሉት በኋላ ነው፤ ያን ሁሉ ዘመን በውሃ እየተማገ የተዋጠው ነገር፣ በማያውቁት ሰው ፊት፣ በጎማ ሽታ መሀል ወጥቶ ቁጭ አለ። መልሰው ሊውጡት አልቻሉም።

«ቀዩን እወስዳለሁ» አለ አማችየው ቶሎ ብሎ። ይህን ያህል በአጭሩ ሲወስን ሻጩም እሱም ራሱ ሰምተውት አያውቁም። ዋጋው ሲነገር ሲስተር «ለዚህስ ቢያንስ አራት ጎማ ይኑረው እንጂ!» ብለው ተቃወሙ፤ ሻጩም በሰላም እንዲወጡለት ደወልና መብራት በነፃ ገጠመላቸው።

ሊነዳው ስላፈረ እየገፋው ወጡ። የካቴናው ትክ ትክ አብሯቸው ሄደ። ወንዙ ዳር ካለው ዝቅተኛ ግንብ ሲደርሱ ሲስተር ተቀመጡ፤ እሱም ሳይክሉን በጥንቃቄ አስደግፎ ከጎናቸው ተቀመጠ። ብስኩቱን ቀደዱት። ወተቱን ተራ በተራ ከካርቶኑ ጠጡ፤ አማትና አማች ከአንድ ዕቃ ሲጠጡ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። «ሐኪም ዘንድ ከሄድን ቆየን» አለ እሱ ወንዙን እያየ። «ሁለታችንም ታየን። እሷ ምንም የለባትም። እኔን ነው፣ ክብደትህን ቀንስ፣ በየቀኑ ተንቀሳቀስ፣ ከዚያ ደግመን እንመረምርሃለን ያለኝ። ማሽኑን ስተው አይታለች፤ ገመድ ዝላዩንም፣ አምፖል ሰብሬ የተውኩትን። እንደገና ጀምሬ ስተው እንድታየኝ አልፈለግኩም። ለምጄው፣ ትንሽ ቀጠን ብዬ ላሳያት ነበር።»

«ለምን ለኔ አልነገራችሁኝም? ሥራዬ አይደለም እንዴ?»

«እርስዎ አይጠይቁንም። ተቀይመውን መስሎን ነበር።»

«እኔ? እኔማ ቁስላችሁን እንዳልነካባችሁ ብዬ!» አሉና የቀረውን ብስኩት ለሁለት ሰብረው ትልቁን ክፍል ሊሰጡት እጃቸውን ከዘረጉ በኋላ፣ ሐሳባቸውን ለወጡና ትንሹን ሰጡት። «ካሁን ጀምሮ ጣፋጭ ይቀንሳል።» እሱ ከት ብሎ ሳቀ። ሲስቅ እንዲህ ድምፅ እንዳለው አያውቁም ነበር።

እዚያው ሲያወሩ ውለው ሠፈራቸው ሲደርሱ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። ከሕንፃቸው ፊት ያለው መንገድ ዳገት ነው፤ መኪናም ሲወጣው ያጉረመርማል። አማችየው ሳይክሉን ወደ ደረጃው ሊያዞር ሲል ሲስተር መሪውን ያዙበት። «ውጣበት» አሉት ዳገቱን እያሳዩ።

«አሁን? ሰው ያየናል።»

«ይየን።»

ወጣበት። መጀመሪያ የፊት ጎማው እንደ ሰካራም ቢወላገድም ቀና አለ። ማርሹን ማቅለሉን ሲያስታውስ ፔዳሉ ለሰለሰለት፤ ግማሹ ድረስ ደህና ሄደ። ከዚያ ዳገቱ ከረረ። ትከሻው ይነሳል ይወድቃል፣ ጎማው ሊቆም ሆነ። ሲስተር ሻርፓቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ከኋላ ደረሱበትና መቀመጫውን ያዙ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ያልወጣ ድምፅ ከደረታቸው ፈነዳ።

«ግፋ! ግፋ! በርታ! ትንፋሽህን ሳብ፣ አሁን ግፋ! እንዳታቆም፣ ደርሰናል፣ ደርሰናል!»

መስኮቶች ተከፈቱ። «ማንን ነው ምጥ የያዛት?» ብላ አንዲት ሴት ከሁለተኛ ፎቅ ጮኸች። ልጆች ከግቢው እየሮጡ ወጡ። ከዳገቱ ሥር ደግሞ የሲስተር ልጅ ከሥራ እየመጣች ነበር፤ ነጭ ጋወኗን በክንዷ ላይ እንዳንጠለጠለች ቆማ ቀረች። እናቷ ባሏን ከኋላ ይዘው እየጮኹ ይሮጣሉ፤ ባሏ ቀይ ሳይክል ላይ ነው። ከዚያ እናቷ ለቀቁት። ወደ ኋላ ቀሩ። እሱ ብቻውን፣ እየተንገዳገደ፣ አናቱ ላይ ወጣ። ድል ላደረገ ሰው እንደሚገባ እጁን ከፍ አደረገና ሳይክሉ ሲወዛወዝበት ቶሎ መለሰው።

ልጅቷ እየሳቀች ወደ እናቷ ወጣች። ሳቋ ስለማያስናግራት በእጇ ብቻ «ምንድን ነው?» አለቻቸው።

«ሳይክል ነው» አሉ ሲስተር እያለከለኩ።

«እሱማ ታየኝ፣ እማዬ!»

ሲስተር ሻርፓቸውን ከወገባቸው ፈትተው ላባቸውን ጠረጉ። አጠፉት። እንደገና ዘርግተው አጠፉት። «ሐኪም ዘንድ ቀጠሯችሁ መቼ ነው?» አሉ።

የልጅቷ ሳቅ ቆመ። ዳገቱ ላይ ያለውን ባሏን አየች፣ እናቷን አየች። «ነገረሽ?»

«ነገረኝ።»

ጋወኗን ወደ ሌላው ክንዷ አዛወረች። ከዚያ «ትመጫለሽ?» አለች።

«ካልከለከላችሁኝ።»

ልጅቷ ክንዷን በእናቷ ክንድ ውስጥ አሳለፈችና ተደገፈቻቸው፣ በልጅነቷ ከትምህርት ቤት ደክሟት ስትመጣ እንደምታደርገው፣ ሙሉ ክብደቷን ጥላ። ሲስተር ለመተንፈስም አልደፈሩም።

«ዞር በሉ!» የሚል ጩኸት ከላይ መጣ። «ዞር በሉልኝ!»

ቁልቁለቱን ተያይዞታል። ፍሬን መያዝ የሚባለውን ነገር ፈጽሞ ረስቶታል። እናትና ልጅ አንዷ ወደ ግራ፣ አንዷ ወደ ቀኝ ዘለሉ፤ እሱ ሸሚዙ በነፋስ ተነፍቶ፣ አፉን በሰፊው ከፍቶ በመሀላቸው አለፈ። ይሳቅ ይጩኽ አልለየላቸውም። ከሥር ያለውን ማዕዘን ታጠፈና ጠፋ። ሁለቱም እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው የሚወድቀውን ነገር ድምፅ ጠበቁ። የመጣው ግን የደወል ድምፅ ነበር፤ አንዴ፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ አንዴ፣ ከሩቅ። ተያዩ፤ ጋወኑንም ቦርሳውንም መንገድ ዳር ጥለው ቁልቁል ሮጡ።